የአርባ ዘጠኝ ማርክ ቦይ

ከቡታጅራ ወደ ቡኢ የሚወጣው ሚኒባስ ሊሞላ አንድ ሰው ሲቀረው መምህር አስረስ ጆንያ ተሸክመው ደረሱ።

«ፋዘር፣ ጤፍ ነው በቆሎ?» አለ ረዳቱ።

«የፈተና ወረቀት ነው።»

«ይከብዳል?»

«ይከብዳል። ውስጡ ግን ባዶ ነው» አሉና ገቡ።

መምህር አስረስ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ አንድ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ቅየሳ ያስተምራሉ። መሬት እንዴት እንደሚለካ ማለት ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ከአንድ ደብተር ሲያነቡ ተማሪ ይጽፋል፤ በፈተና ቀን ደግሞ የጻፈውን ይመልስላቸዋል። ከጎናቸው የተቀመጠችው ኑኃሚን የዱሮ ተማሪያቸው ስትሆን፣ ዘንድሮ እዚያው በመምህርነት ተቀጥራለች። ብድግ ብላ ጆንያውን ተቀበለቻቸው።

«ጋሽ አስረስ፣ እንዴት አደሩ? ልጆቹ እንዴት ሆኑ?»

«አርባ ሁለቱ ተፈተኑ፤ ሠላሳው ወደቁ። ሰው የሆነው አንድ ቴዲ ነው። ከሃምሳ አርባ ዘጠኝ! ነጠላ ሰረዜን እንኳ አልጣለም። አንዲት የቸሃ ልጅ ደግሞ አለች፣ ጥሩወርቅ የምትባል። አስራ አንድ! የቀረውን ሃምሳም እንዲህ ካደረገችው ትባረራለች።»

ኑኃሚን አስፈቅዳ ጥቂት ወረቀቶች መዘዘች። የመጀመሪያው ጥያቄ የቅየሳን ጥቅም በሰባት ነጥብ ዘርዝሩ ይላል። ሁለተኛው የመቀየሻ መሣሪያውን ሣሉ ነው። ሁሉም ስለዋል። ሁሉም ግን በመሣሪያው ዙሪያ ሳጥን ሠርተው፣ በሳጥኑ ላይ ጓጉንቸር ሰቅለዋል።

«ጋሼ፣ ይኼ ጓጉንቸር ምንድን ነው?»

መምህር አስረስ በመስኮት ወደ ውጭ አዩ። «የቁም ሳጥኑ ነው። እንዳይሰብሩት በመስታወት ነው የማሳያቸው። ያዩትን ነው የሳሉት፤ አልዋሹም።»

«ካልነኩት መቀየስ መቻላቸውን በምን አወቁ?»

«በፈተና ነዋ!»

«ፈተናው ማስታወሳቸውን እንጂ መቻላቸውን አልጠየቀም። እኔ ክፍለ ጊዜው ሊያልቅ አምስት ደቂቃ ሲቀረው ቁራጭ ወረቀት አድላለሁ። ዛሬ ምን ገባችሁ፣ ምን አልገባችሁም? ስም የለውም፣ ማርክም የለውም።»

«ማርክ ከሌለው ማን ይጽፋል?»

«ማርክ ስለሌለው እኮ ነው እውነቱን የሚጽፉት።»

«እንግዲህ ተማሪ መምህሩን ይፈትን በይኛ!»

«ሐኪም በሽተኛውን የት ላይ አመመህ ቢለው በሽተኛው ፈተነው ይባላል? ደግሞ ልጆቹን አውጥተው ያስለኳቸው። ፈረሱም ይኸው፣ ሜዳውም ይኸው።»

«ፈረሱን እንዳይሰብሩት ነው የቆለፍኩት አልኩሽ!» ሚኒባሱ ሳቀ። መምህር አስረስ ግን አልሳቁም። «ቅዳሜ ቴዲ የግቢዬን ቦይ ይቀይስልኛል። ሰኞ ነይና ተመልከቺ። የሸመደደ ሰው ምን እንደሚሠራ ያኔ ታያለሽ።»

ቅዳሜ ቴዲ ጫማውን አስጠርጎ መጣ። ለቆፋሪዎቹ የቅየሳን ሰባት ጥቅሞች ተራ በተራ ነገራቸው። ቆፋሪዎቹ አካፋቸውን ተደግፈው በአክብሮት አዳመጡት። ከዚያ በዓይኑ አነጣጥሮ «በዚህ» አላቸው፤ ቆፈሩ።

እሑድ ዘነበ። ውሃው ቦዩን አገኘና፣ ግራ ቀኝ ሳይል፣ በሥርዓት ሳሎን ገባ።

ባለቤታቸው ወይዘሮ ሰገነት በባልዲ እየቀዱ ጠየቁ። «ይኼ ልጅ ስንት አገኘ አልከኝ?»

«ከሃምሳ አርባ ዘጠኝ።»

«ታዲያ ያቺ የጎደለችው አንዷ ናት ቤቴ የገባችው?»

ሰኞ ኑኃሚን ስትደርስ ቴዲ ቦዩ ዳር አንገቱን ደፍቶ ቆሟል።

«ተዳፋቱን በምን ለካኸው?» አለችው።

«አልለካሁትም። ለመለካት የሚያስፈልጉትን አምስት ነገሮች ግን አውቃቸዋለሁ።»

መምህር አስረስ ቦዩን ተከትለው እስከ ሳሎኑ በር ሄዱ። ሃያ ስድስት ዓመት የሄዱበት መንገድም ያደረሳቸው እዚያው ሳሎን ውስጥ ነው። በመጨረሻ «ወረቀቱ በቴዲ ካሳሳተኝ በሷም አሳስቶኝ ይሆናል፤ እስቲ ያቺን የአስራ አንዷን ጥሩልኝ» አሉ።

ጥሩወርቅ የቦዩ ነገር ተነግሯት ብርሃን የሚያሳልፍ የላስቲክ ቱቦ ጠቅልላ መጣች። ውሃ ሞላችው። አንዱን ጫፍ ለቴዲ አስያዘችው።

«ከፍ አድርገው። ብዙ አይደለም! እንግዲህ ጋሼ፣ በሁለቱ ጫፍ ያለው ውሃ እኩል ነው የሚቆመው። እዚህ ችካል፣ እዚያም ችካል። ከዚያ በየሜትሩ ሁለት ሁለት ሴንቲ ዝቅ ማለት ነው። ይኼ ቦይ ግን ወደ ቤት ነው ዝቅ ያለው።»

«አይተነዋል» አሉ ወይዘሮ ሰገነት ከውስጥ።

«ማን አስተማረሽ?» አሉ መምህር አስረስ።

«ወንድሜ ወልቂጤ ግንበኛ ነው። ክረምት ክረምት ቱቦ እይዝለታለሁ።»

«ታዲያ ፈተናው ላይ ለምን አልጻፍሽውም?»

«አልተጠየቅኩማ፣ ጋሼ።»

ልጆቹ ሲሄዱ መምህር አስረስ ወደ ኑኃሚን ዞሩ። «ሃያ ማርክ ልጨምርላት መሰለኝ።»

«እንዲህማ አይሆንም! ዛሬ ቦይ ላቃና ማርክ ከተሰጠ ነገ አጥር አጣሪ ይመጣል። ለአርባ ሁለቱም እኩል ይሁን። የቀረውን ሃምሳ ማርክ ይከፋፍሉት። ሠላሳው ሜዳ ላይ ይሁን፤ ሃያው በወረቀት። ምን እንደሚመዘን አስቀድመው ይንገሯቸው። ችካሉ ልኩ ላይ ከተተከለ ይህን ያህል፣ የራሱን ስህተት ፈልጎ ካገኘ ይህን ያህል፣ ለምን ሲባል ካስረዳ ይህን ያህል።»

«ጊዜው ከየት ይመጣል?»

«ጆንያ ከማረም አይበልጥም። በአምስት በአምስት ሆነው ይለኩ፤ አንዱ ቡድን የሌላውን ችካል ይመርምር። እርስዎ እየዞሩ እያንዳንዱን ልጅ አንድ አንድ ‹ለምን?› ይጠይቁ።»

በማግስቱ መምህር አስረስ ቁራጭ ወረቀት አደሉ። እቤት ወስደው መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ። ሠላሳ ስምንቱ ያሉት አንድ ነገር ነው፤ መሣሪያውን አስነኩን። አንዱ ግን እንዲህ ይላል። «መምህር፣ ገጽ እየጠሩ ሲያነቡ ከገጽ አስራ አንድ ወደ ገጽ አስራ አራት ይዘላሉ። ለምን እንደሆነ አልገባኝም።»

ደብተራቸውን አወጡ። ገጽ አስራ ሁለትና አስራ ሦስት ፊት ለፊት ተጣብቀዋል። በቢላዋ ጫፍ ቀስ ብለው አላቀቋቸው። ወይዘሮ ሰገነት ጎንበስ ብለው አሸተቱ።

«የክትፎ ቅቤ ነው። የዛሬ ስድስት ዓመት፣ መስቀል ላይ፣ እየበላህ አታንብብ ብዬህ ነበር።»

መምህር አስረስ የተላቀቀውን ገጽ እያነበቡ ነበር። የተጻፈው የተዳፋት አለካክ ነው።

ጠዋት ቁም ሳጥኑን ከፈቱ።

በመጀመሪያው ቀን ቴዲ ሦስት ችካል አጣመመ፤ በሁለተኛው አንድ፤ በሦስተኛው የሌሎቹን አቃና። ጥሩወርቅ ከሠላሳው ሃያ ዘጠኝ አገኘች። ከወረቀቱም አስራ አራት ጨምራ ኮርሱን አለፈች። አንድ ችካል ለምን እንደተከለች ሲጠይቋት ግማሽ ሰዓት አስረዳቻቸው፤ በቃሽ ያሉት እሳቸው ናቸው። ወድቀው ከነበሩት ሠላሳ ልጆች ሃያ ስድስቱ አለፉ። መሣሪያውን የሰበረ አልተገኘም። የቀሩት አራቱም ያልቻሉት ምን እንደሆነ ለይተው አወቁ፤ ይህም ቀላል ነገር አይደለም። ተማሪውን በየደረጃው የጠየቀ መምህር ስህተቱን ገና ችካል ሳለ ያገኘዋል። መጨረሻ ላይ ብቻ የጠየቀ ግን ቦይ ከሆነ በኋላ ያገኘዋል።

በሚቀጥለው ሳምንት መምህር አስረስ ጆንያ ተሸክመው ሚኒባስ ገቡ።

«ፋዘር፣ ዛሬም ባዶ ነው?» አለ ረዳቱ።

«ችካል ነው» አሉ። ጎንበስ ብለው ጫማቸው ላይ የተጋገረውን የሜዳ ጭቃ አራገፉ። «ዛሬስ ሙሉ ነው።»