በተረከዝ ያገኘሁት ሥራ

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ኮላ ድባ የግብርና ባለሙያ ሆኜ ስመደብ፣ የሽምብራን አዘራር የማውቀው ከወረቀት ነበር። አያ ደሴ የሚባሉ አዛውንት ገበሬ ጫማዬን አስወልቀው ጥቁሩ አፈር ላይ አቆሙኝ። «የተረከዝሽ ጉድጓድ ውሃ ከቋጠረ ታገሺ፤ ካልቋጠረ ዝሪ» አሉኝ። የቸኮሉት ሰዎች ዘር በሰበሰ፤ የእሳቸው ማሳ ግን ሙሉ በሙሉ በቀለ።

በኋላ ጎንደር ለአሠልጣኝነት ስፈተን ሽምብራ መቼ እንደሚዘራ ተጠየቅሁና ይህንኑ መለስኩ። ፈታኞቹ «ከየት ተማርሽው?» ሲሉኝ፣ «ራሴ ሞክሬ» አልኩ። ሥራውም ተሰጠኝ። በመጀመሪያው ሥልጠናዬ ቀን ታዲያ ጭቃ ማሳ ዳር ከተሰበሰቡት ገበሬዎች መካከል አያ ደሴ ከፊት ተቀምጠው አየኋቸው። ስለ ተረከዙ ልናገር ስል ወረቀቶቼን ማገላበጥ ያዝኩ።

«ምነው ዝም አልሽ ልጄ?» አሉና ተነሥተው ጫማቸውን አወለቁ። «አንቺ ንገሪያቸው፤ እኔ በእግሬ አሳያቸዋለሁ።»

ያስተማሩኝ እሳቸው መሆናቸውን ያን ቀንም አልተናገርኩም። እሳቸው ግን ጭቃው ላይ ቆመው በእኔ ይኮሩ ነበር።