የጌቭለው ጽዋ እና ደካማው ባትሪ

ብር ለባጩ ቶርከል የቤተ ክርስቲያኑን ጽዋ በጨርቅ ጠቅልሎ የጌቭለን ከተማ ድልድይ ሲሻገር፣ ኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ከምትማረውና አሁን ከባቡር ከወረደችው የወንድሙ ልጅ ከቲራ ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠመ። ሊሸሻት ፈልጎ ነበር፤ ድልድይ ላይ ግን ወዴት ይሸሻል?

«አጎቴ! ምን ይዘው ነው እንዲህ ያቀረቀሩት?»

«ውርደቴን። ሦስት ጊዜ ብር አለበስኩት፤ ሦስቴም ጠቁሮና ሻክሮ ወጣ። ለቄሱ መልሼ ሱቄን ልዘጋ ነው።»

«በስንት ባትሪ ሠሩት?»

«በአዲሶቹ በአራቱ። ሲበላሽ ስድስት አደረግኩ፤ ሲብስበት ስምንት።»

«ገንፎው ሲያርርብዎት ማገዶ ጨመሩበት ማለት ነዋ!»

ቶርከል ተቆጣ። «አንቺ ልጅ፣ የሙያ ጌታዬ ያስተማረኝን ላንቺ ብዬ ልርሳ? ብሩ ዕቃው በሚነከርበት ውሃ ውስጥ ካለው ጨው ጋር ተጣብቋል። ገንጥሎ የሚያወጣው ኤሌክትሪኩ ነው። አልገነጥል ካለ ጉልበት ይጨመርለታል።»

«ጨው እኮ ገና ሲሟሟ ራሱ ይለያያል ይላሉ አዲሶቹ ተመራማሪዎች፣ አጎቴ። ኤሌክትሪኩ የተለያየውን ይነዳል እንጂ አይገነጥልም፤ ሲበዛ ብሩ ተጣድፎ ይከመርና ይሻክራል።»

«እሰይ! እንግዲያ የገበታ ጨውም ተለያይቶ ክሎሪን የሚሉት አረንጓዴ መርዘኛ ጋዝ ይወጣዋላ! ስልሳ ዓመት ሙሉ ጨው የተነከረ ዓሣ ስበላ ምነው ሳልሞት?»

ቲራ አልሳቀችም፤ የኡፕሳላ ትልልቆቹ መምህራንም ይህንኑ ብለው ሲያፌዙ ሰምታለች። «ከጨው የተለየው ቅንጣት ኤሌክትሪክ ተሸክሞ ሳለ ጠባዩ ሌላ ነው። ጋዝ የሚሆነው ሸክሙን ሲያራግፍ ነው። ይልቅ ይሞክሩት። መገንጠል የግድ ከሆነ፣ ደካማ ባትሪ ቅንጣት ብር እንኳ አያንቀሳቅስም።»

«ካላንቀሳቀሰ ኡፕሳላሽን ትተሽ እዚህ ወደብ ዓሣ ስታጸጂ ትኖሪያለሽ!»

«እሺ።»

ቶርከል እልኸኛ ቢሆንም ሐቀኛ ነበር። ወደ ሱቁ ተመልሰው የጠቆረውን ልባስ እስከ ቀዩ መዳብ ፋቁት። ከጥግ የተጣለውን፣ ከሁሉ የደከመውን አሮጌ ባትሪ ራሱ መረጠ። ጽዋውንና ለልባሱ ብር የሚሰጠውን ንጹሕ የብር ሳህን መዝኖ፣ ከባትሪው ጋር አያይዞ ጨው ባለበት ውሃ ነከራቸው፤ ከዚያም እጁን አጣምሮ ቆመ። ቲራ የተወራረደችው በትምህርቷ ነውና ዓይኗን ከጽዋው አልነቀለችም።

ምሳው በረደ። ቀዩ መዳብ ቀስ እያለ ነጣ። ከሰዓት በኋላ አውጥቶ ሲመዝን፣ ጽዋው በከበደው ልክ ሳህኑ ቀልሎ ነበር። ቶርከል ጣቱን በጽዋው ከንፈር ላይ አዞረ፤ አንድም ሻካራ ቦታ አላገኘም። ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ አላፈረበትምም።

ከዚያ ቀን ወዲህ በዚያ ሱቅ የባትሪው ዚንክና አሲድ ሦስት እጥፍ ይበረክታል፤ በአሲዱ ጭስ ማሳል ቀርቷል፤ የተበላሸ ዕቃ ይዞ የሚመለስም የለም። አዲስ ነገርን ሳይሞክር የሚንቅ ሰው ይህን ልብ ይበል።

እሑድ ቄሱ ጽዋውን ወደ መስኮቱ አነሡና «ምን አድርገህ ነው?» አሉት።

«ብሩ የታሰረ መስሎኝ ስጎትተው ኖሬ ነው፣ አባቴ። ፈትቶት የነበረው ውሃው ነው» አለ ቶርከል፤ ከኋላው የቆመችውንም ቲራን እጇን ይዞ ወደ ፊት አቀረባት። «ይህንን ያስተማረችኝ እሷ ናት።»