አይነ ርግቡ እስኪደርስ

— ሄሎ?... ሄሎ፣ ሳቬታ?... አይ፣ እኔ ነኝ። ቬቱሪያ ነኝ፣ ፀጉር ሠሪዋ... አዎ፣ የልጅሽ ስልክ ነው። መስኮቱ ላይ ተቀምጦ ነበር። «እማ» የሚል ሲመጣበት ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ እርስ በርሱ ተያየ፣ የሚያነሳው ጠፋ። እኔ አነሳሁት።

— ምን ይቅርታ ያስፈልገዋል? በቃልሽ የያዝሽው የእሷን ቁጥር ብቻ ከሆነ ሌላ የት ትደውያለሽ...

— ሄሎ? ትሰሚኛለሽ?... እኔ እሰማሻለሁ፣ የአውቶቡሱ ድምፅ ነው የሚረብሸው... ቆማችኋል? የት ደረሳችሁ?... ከጣልያን ተነስታችሁ እስካሁን ገና ሃንጋሪ?... እና ነገ ጠዋት ነዋ የምትገቡት... አይዞሽ፣ እሱን አታስቢ። ካህኑን ለምነናቸዋል። እናቷ ሳትደርስ ሬሳዋ ከቤት አይወጣም ብለዋል። ረፈደም አልረፈደም ይጠብቁሻል።

— እማማ ዛምፊራ፣ በሩን ገርበብ ያድርጉልኝ እስቲ። እናቷ ናት... አይ፣ ስንዴውን ያማስሉት እንጂ፣ እንዳያርርብዎ...

— እማማ ዛምፊራ ናቸው፣ ጎረቤትሽ። ለነገ ቀብር የሚታደለውን የነፍስ ስንዴ እየቀቀሉ ነው... እኔና እሳቸው ነን ያጠብናት። በሙቅ ውሃ፣ ቀስ ብለን። ቬሎዋንም አልብሰናታል። ለእሁድ ሠርግ ቁም ሳጥኑ ላይ ተሰቅሎ የነበረውን... አዎ፣ ነጩን። ሳታገባ የሄደች ልጅ እንደ ሙሽራ ነው የምትሸኘው፣ ያገራችን ወግ እንደሆነ አንቺም ታውቂዋለሽ። ሊቪዩም የሙሽራ ሱፉን ለብሶ አጠገቧ ይቆማል። ማንም አላዘዘውም፣ ራሱ ነው ያለው።

— ...

— አልቅሺ፣ አልቅሺ። እኔ የትም አልሄድም...

— ማንም አልነገረሽም እንዴ? እንዴት ማንም ሳይነግርሽ?... «ቶሎ ነይ» ብቻ... እሺ፣ እኔ ልንገርሽ። ሊቪዩ እንደነገረኝ ነው የምነግርሽ፣ አልጨምርም አልቀንስም።

— ማክሰኞ ከምታስተምርበት መዋዕለ ሕፃናት ስትመለስ ደህና ነበረች። ልጆቹ ለሠርጉ ዘፈን እያጠኑላት ነበርና የተሳሳቱትን እየደገመች ሊቪዩን ስታስቀው ነበር። ከዚያ ራሴን አመመኝ አለች። ሶፋው ላይ ጋደም አለች፣ እሱ ሻይ ሊያፈላላት ወጥ ቤት ገባ። ሻዩን ይዞ ሲመለስ ምላሷ ተሳስሮ የምትለው አልገባው አለ። እየቀለደች መስሎት ሳቀ። ያ ሳቅ ነው እስካሁን የሚያንገበግበው። አምቡላንሱ ቶሎ ነው የደረሰው፣ ግን ከተማ ሳይገቡ መንገድ ላይ አለፈች... ጭንቅላቷ ውስጥ ደም ሥር ፈነዳ ነው ያሉት። ሐኪሙ ለሊቪዩ፣ ሆስፒታሉ በር ላይ ብትወድቅ እንኳ አናተርፋትም ነበር ብሎታል...

— አልተሰቃየችም። እጇን ይዟት ነበር፣ እንቅልፍ እንደወሰዳት ሰው ነው ዝም ያለችው... አዎ። አዎ ሳቬታዬ፣ ብቻዋን አልነበረችም።

— ሄሎ?... ሄሎ?... እህ፣ መጣሽ። ለአፍታ ጠፍተሽብኝ ነበር።

— ስሚኝ፣ አሁን የግድ የምጠይቅሽ ነገር አለ። ሲመሻሽ ሰው ሊሰናበታት ይመጣል፣ ያልጨረስነው ፀጉሯን ብቻ ነው። ፀጉር ደግሞ እንደ አይነ ርግቡ ነው የሚሠራው፣ አይነ ርግቡ አንቺ ጋ ነው። እስቲ ንገሪኝ፣ እንዴት ያለ ነው?... እስከ መሬት?... ዳር ዳሩ ዳንቴል። ከባድ ነው ታዲያ... ማበጠሪያ አለው? ዕንቁ ያለበት? ምን ያህላል?... የመዳፍሽን ያህል... ከላይ ነው የሚሰካው ወይስ ከማጅራት?... ከላይ።

— አሃ... ወደ ላይ ሰብስበሽ ጠቅልይው ነው የምትይኝ... ጉንጉኑን እንደ አክሊል አዙሬው፣ ማበጠሪያውን መሐሉ ላይ... አዎ፣ ገባኝ። ገባኝ እኮ...

— አይ፣ አልዘጋሁም። አለሁ።

— ሳቬታ፣ ቁጭ ብለሻል?... እንግዲህ ነገ መጥተሽ በር ላይ ከምትደነግጪ አሁን ብነግርሽ ይሻላል። ያ ጉንጉን የለም። ፀጉሯ አጭር ነው... አዎ፣ የሶሪና። እስከ አገጯ ነው፣ ከኋላ ማጅራቷን እንኳ አይሸፍንም... ከየካቲት ጀምሮ... አየሽ፣ በቪዲዮ ስታወሩ ሻሽ ታስር የነበረው ብርድ ሆኖ አይደለም። እንዳትነግሪያት ብላ እኔንም ቃል አስገብታኝ ነበር።

— ለምን ብለሽ ነው የምትጠይቂኝ... መስማት ትፈልጊያለሽ?... እሺ።

— የእናትሽ ቀብር ዕለት ነው። ልወቅስሽ አይደለም፣ ያኔ እዚያ ጣልያን የምታስታምሚያቸውን ሽማግሌ ጥለሽ መምጣት እንዳልቻልሽ ሁላችንም እናውቃለን። እሷም ታውቃለች። ያን ቀን በጠዋት ሱቄን ሳልከፍት በር ላይ ቆማ አገኘኋት። ገብታ ወንበሩ ላይ ተቀመጠችና ከሥሩ ቁረጪልኝ አለችኝ። እኔ ደግሞ ያን የመሰለ ፀጉር፣ እጄ እምቢ አለኝ። ነገ ይቆጭሻል ብዬ ለመንኳት። ጎንበስ ብላ ማጅራቷን ሰጠችኝ። ቆረጥኩት። በነጭ መሐረብ ጠቀለለችው፣ ይዛው ሄደች፣ በአያቷ ሬሳ ሣጥን ውስጥ ከእጃቸው ሥር አስቀመጠችው።

— አዎ፣ አብሮ ተቀብሯል... ኋላ ጠየቅኳት እንጂ። አንቺ ጣልያን ከሄድሽ ጀምሮ በየእሁዱ ከቅዳሴ በፊት ፀጉሯን የሚሠሯት እሳቸው አልነበሩ? እና ምን አለችኝ፣ «የአያቴ እጅ ሥራ ፈትቶ አያውቅም፣ እዚያም የሚጎነጉኑት አይጡ» አለችኝ።

— ...

— ሳቬታዬ?... አጠገብሽ ሰው አለ? ውሃ እንዲሰጡሽ ጠይቂያቸው... ጠጪ። ቀስ ብለሽ። እጠብቅሻለሁ።

— እማማ ዛምፊራ፣ አሁን አያናግሩኝ። አውቃለሁ መሽቷል፣ ለቀስተኞቹም ይጠብቁ...

— አዎ፣ አለሁ... አይ፣ አልተቆጣችሽም። ተቆጥታ ቢሆን ቀጥሎ የምነግርሽን ባላደረገች። አንቺ ደውለሽ ለዚያ ረጅም ፀጉርሽ የሚሆን አይነ ርግብ ገዛሁ አላልሻትም? በማግስቱ እኔ ጋ መጣች። እየሳቀች ነው የገባችው፣ ጉድ ፈላብኝ ብላ። የሱቄን መጋረጃ አውርደን አይነ ርግብ አደረግነው። በአጭሩ ፀጉሯ ሞከርኩላት፤ በአንድ ወገን ወደ ጆሮዋ ገፋ አድርጌ ትንሽ ጠምዘዝ አደረግኩት፣ መጋረጃውን ከኋላ ዝቅ አድርጌ ያዝኩት። ምን ልበልሽ፣ ፊቷ ወጣ። አንገቷ ወጣ። ያንቺን አንገት ነው የያዘችው ለካ፣ ያ ሁሉ ፀጉር ሸፍኖት ነው እንጂ። መስታወቱ ፊት ዞር ዞር ብላ ራሷን አየች፣ ወደደችው። ሊቪዩ በመስኮት አጮልቆ ሊያያት ሲል ፎጣ ወርውራ አባረረችው።

— ከዚያማ መጋረጃውን ከራሷ ላይ አወረደችው። ሂውማን ሄር እዘዢልኝ አለችኝ፣ የድሮውን የሚመስል፣ ቀለሙም ርዝመቱም። አበድሽ እንዴ፣ ይኼ አማረብሽ እኮ አልኳት። ምን እንዳለችኝ ልንገርሽ? «እማ ስታስበኝ በረጅም ፀጉር ነው የምታስበኝ። ለአንድ ቀን ነው፣ ያሰበቻትን ልጅ ታግኝ።»... እንደዚያ ነው ያለችው።

— አዎ፣ መጥቶ ነበር ፀጉሩ። ለካችው። ራሷን ከበዳት፣ የቤተ ክርስቲያን መብራት የተሰቀለብኝ መሰለኝ እያለች ስትቀልድ ነበር። ግን አልመለሰችውም፣ በሣጥኑ አድርጋ ወሰደችው...

— ግባ ሊቪዩ። እናቷ ናት... ና፣ ግባ፣ ወንበሩ ላይ ተቀመጥ...

— ሊቪዩ ነው። የፀጉሩን ሣጥን ይዞ ነው የመጣው። ቅድምም ይኼንኑ ነበር የሚለኝ፣ እሷ የወሰነችው ይፈጸምላት፣ እናቴ ደስ ይበላት ብላ ነው ያዘዘችው ይላል። እማማ ዛምፊራ ደግሞ የሰው ፀጉር ይዛ አፈር አትገባም ብለው አኩርፈዋል። ልጁም አዛውንቷም የሚሉት እኔ ጋ እየመጣ ነው እንግዲህ። እኔ የሁለቱንም አልሰማ አልኩ። ይኼን የምትወስነው እናት ናት።

— ሁለቱም ይቻላል። ሂውማን ሄሩን እሰፋላታለሁ፣ አንቺ እንዳልሽው ወደ ላይ እጠቀልለዋለሁ፣ ማበጠሪያው ደህና አድርጎ ይይዛል፣ ነገ ስታዪያት ያቺው የምታውቂያት ሶሪና ትሆናለች። ማንም አይለየውም... በራሷ ፀጉር ከሆነ ደግሞ ከላይ ቀጭን ሹሩባ እሠራለሁ፣ ሌላው ፀጉር ይሸፍነዋል፣ ማበጠሪያውን እሱ ውስጥ እንሰካዋለን። በአንዳንድ ቦታ በክር እይዘዋለሁ፣ አይወድቅም... ጊዜ አለን። አስቢበት።

— ...

— የትኛው ነው ያማረባት?... እኔን?... ሳቬታ፣ እኔ ምን አገባኝ... እውነቱን? እውነቱን ከጠየቅሽኝ በአጭሩ ነው ያማረባት። በረጅሙ ቆንጆ ሙሽራ ነበረች። በአጭሩ ግን ራሷን ነበረች።

— ...

— ሄሎ? አልሰማሁሽም፣ አውቶቡሱ ተነሳ መሰለኝ... ድገሚልኝ... እሺ... እሺ፣ እሺ ሳቬታዬ... ቆይ ልንገረው፣ እየጠበቀ ነው...

— ሊቪዩ፣ ስማኝ። ሣጥኑን አስቀምጠው። እናቷ የምትለው፣ ያሰብኳትን ሳይሆን የነበረችውን ልጅ ልያት ነው... አዎ፣ በራሷ ፀጉር... ና፣ ና አታልቅስ። ወይም አልቅስ...

— መሬት ቁጭ ብሎ ጉልበቱን አቅፎ እያለቀሰ ነው። ይውጣለት፣ ከማክሰኞ ጀምሮ እንባ አልወጣውም ነበር።

— በይ፣ አሁኑኑ እጀምራለሁ። ሬሳ ባለበት ቤት እንደ ወጋችን መስታወቶቹን በጨርቅ ሸፍነናቸዋል፣ ያለ መስታወት ነው የምሠራት፣ ግን አያሳስብሽ፣ ያን ቀን የሠራኋትን እጄ አልረሳውም። አይነ ርግቡን ግን እኔ አላደርግላትም። አንቺ ነሽ የምታደርጊላት... ታውቂያለሽ እንጂ። ባታውቂስ እኔ አጠገብሽ እቆማለሁ፣ ማበጠሪያውን የት እንደምትሰኪው በጣቴ አሳይሻለሁ... ብትሳሳቺም ምንም አይደለም። ማን ያይሻል? እኔና አንቺ ብቻ ነን የምንገባው።

— ቀለሙ?... እ... አልተቀባችውም። እንደ ድሮው ነው። እዚህ ግንባሯ ላይ የምትጠመዘዝ አንዲት ዘለላ አለች፣ ምን ቢያደርጓት አልያዝ የምትል... አዎ፣ እሷ! ሕፃን ሆናም ነበረች? እኔ አላወቅኩም... ከሆነማ እተዋታለሁ። አልነካትም።

— አዎ፣ እዚሁ ክፍል ነኝ፣ አጠገቧ... ምን?... አልሰማሁሽም... ስልኩን?

— ...

— ይቻላል። ለምን አይቻልም... አይ፣ ማንም እብድ አይልሽም። እኔም ከጠዋት ጀምሮ ሳጥባትም ሳለብሳትም እያወራኋት ነው... ቆይ፣ ድምፁን ከፍ ላድርገው። ቆይ፣ ሰዎቹን ላስወጣልሽ።

— እማማ ዛምፊራ፣ እባክዎ ለትንሽ ጊዜ ወጥ ቤት ይሁኑልኝ። ሊቪዩ፣ አንተም ተነሣ የኔ ልጅ፣ ግቢው ላይ ነፋስ ይምታህ... እናቷ ልታናግራት ነው... አዎ፣ ብቻቸውን። በሩን ዝጉት።

— ሳቬታ፣ ትራሱ ላይ ላደርገው ነው። በቀኝ ጆሮዋ በኩል፣ ፀጉሯን ገለጥ አድርጌልሻለሁ... የፈለግሽውን ያህል አውሪ፣ ማንም አያቋርጥሽም። እኔም ወጥቼ በሩ ጀርባ ነው የምቆመው... አይ፣ እኔ አልዘጋውም። ስትጨርሺ አንቺ ዝጊው።