የሦስተኛዋ ድርሻ

እግሩ የተሰበረ የሥራ ባልደረባውን ሊጠይቅ ሆስፒታል የሄደ ሰው የጎረቤቱን ሐዘን ታቅፎ ደረጃ ላይ እቀመጣለሁ ብሎ መቼ ይጠረጥራል? ጠይቄ ስወርድ መታጠፊያው ላይ ከጎረቤቴ ከእማማ ቶሎ ጋር ተገጣጠምን። ስሙን ያወጣላቸው ሰፈሩ ነው። ድስቱ ሳይበስል ያወርዳሉ፣ ለቅሶ ከሁሉ ቀድመው ይደርሳሉ፣ ሰው "እንደምን አደሩ" ብሎ ሳይጨርስ "እግዜር ይመስገን" ብለው አልፈዋል።

ያን ቀን ግን ግድግዳውን ተደግፈው በዝግታ ነበር የሚወርዱት። በነጭ ፎጣ የተጠቀለለ ነገር ደረታቸው ላይ ይዘዋል። የሚታጠብ ልብስ መሰለኝና "ይስጡኝ፣ እኔ ልያዝልዎት" ብዬ እጄን ዘረጋሁ። ደክሟቸው ይሁን ልባቸው ሌላ ቦታ ሆኖ፣ ዝም ብለው ሰጡኝ። ምንም አይከብድም ነበር።

"ቀስ አድርገህ ያዛት" አሉኝ። "ሦስተኛዋ ናት።"

እዚያው ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ። ልጃቸው ነፍሰ ጡር እንደነበረች አውቃለሁ፤ መውለዷን ግን አልሰማሁም። አጠገቤ ተቀምጠው ነገሩን በአጭሩ ነገሩኝ። ገና በሰባት ወሯ ትናንት ሦስት ልጆች ተገላግላለች። ሁለቱ ወንዶች ማሞቂያ ክፍል ገብተዋል፣ ሴቷ ግን ሊነጋጋ ሲል አርፋለች። አባትየው የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ ከሩቅ አገር እየተመለሰ ገና መንገድ ላይ ነበር። እማማ ቶሎ እሱ ሳይደርስ፣ እናትየዋም ሳታውቅ ሊቀብሯት መውረዳቸው ነው። ለልጃቸው "ሦስተኛዋ ሌላ ክፍል ናት፣ ከሁሉም የበረታችው እሷ ናት" ብለዋታል።

"ምነው እማማ፣ እናቷ ሳታያት?" አልኩ።

"አይታ ምን ታደርጋታለች? አራስ ናት እኮ። መርዶ ከሰማች ጡቷ ይደርቅና እነዚያም ይከተሏታል። የሞተችው ሞታለች፣ ያሉትን እናትርፍ።"

ክፋት እንዳይመስላችሁ። የሚወዱትን ሰው ከእውነት መከለል ከብርድ እንደመከለል የሚመስለን ብዙዎች ነን። እኔም ፎጣውን እያየሁ ተቀምጬ ሳለ፣ ልጃቸውን ያዋለደችው ወጣት ነርስ በሩጫ ደረሰችብን። የያዝኩትን አይታ መጀመሪያ አንገቷን ደፋች።

"እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና አንድ ነገር ልጠይቅዎት" አለች። "ልጅዎ እንገሯን፣ የመጀመሪያ ወተቷን፣ በሦስት የሽሮፕ መለኪያ እያካፈለች እንደምትሰጥዎት አሁን ነገረችኝ። እኛ ጋ የሚደርሰው ሁለት ብቻ ነው። ሦስተኛውን የት እያደረጉት ነው?"

እማማ ቶሎ የነጠላቸውን ጫፍ ያፍተለትሉ ጀመር።

"ደፋሁት" አሉ። "ምን ላድርግ? 'ጠጣችልኝ?' ስትለኝ 'ጥርግ አድርጋ' አልኳት።"

የነርሷ ፊት አመድ መሰለ። እኔም የሰማሁትን ማመን አቃተኝ። ያቺ ምስኪን ከጠዋት ጀምራ እያማጠች የምታወጣት ጠብታ፣ ሲሶዋ ለሞተች ልጅ እየተሰፈረች ቧንቧ ስር ስትፈስ ውላለች።

"ወንዶቹ የሚመገቡት በጠብታ ነው፣ እማማ" አለች ነርሷ፣ ድምፅዋን ሳታነሳ። "የፈሰሰው የእነሱ ነበር።"

እማማ ቶሎ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። ቆየት ብለው ግን ተከራከሩ፤ እሳቸው በዋዛ የሚረቱ ሰው አይደሉም። ሐዘን ወተት እንደሚያደርቅ እናቶቻቸው የነገሯቸውን አነሱ፣ ያላየችውን አትናፍቅም አሉ።

"ሐዘን ለጊዜው ወተት ሊያሳንስ ይችላል፣ አልዋሽዎትም" አለች ነርሷ። "ልጆቹ ራቁት ደረቷ ላይ ሲተኙ ግን ወተቱም ይመለሳል፣ እነሱም ይሞቃሉ። እንድታቅፋቸው ከጠዋት ጀምሬ ስለምናት 'ሴቷ ሳትመጣ አልጀምርም፣ ካሁኑ አላዳላም' እያለች እምቢ ብላኛለች፤ እርስዎ ይነግሯታል ብዬ ነው የታገስኩት። ደግሞ አላየቻትም ይላሉ፤ ሆዷ ውስጥ ስትራገጥ ታውቃት የለም? ነገ 'አምጡልኝ' ስትል ምን ሊሏት ነው?"

እማማ ቶሎ ወደ እኔ ዞሩ፤ እንድደግፋቸው ይመስለኛል። እኔ ግን እንዲህ አልኳቸው፦

"እማማ፣ በሰፈራችን እርስዎ ያልደረሱበት ለቅሶ አለ? ታዲያ የገዛ ልጅዎን ለቅሶ ባለሐዘኗ ሳትሰማ ሊቀመጡ ነው?"

ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ። ከዚያ "ፈርቼ እኮ ነው" አሉ። "ስነግራት ፊቷን ማየት ፈርቼ።" ፎጣውን ከእጄ ተቀብለው ሽቅብ መውጣት ጀመሩ። ነርሷ ክንዳቸውን ደገፈች፣ እኔ ተከትዬ በሩ ላይ ቀረሁ።

"ልጄ፣ ዋሽቼሻለሁ" አሉ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው። "ልጅሽ ይቻትና።"

እናትየዋ አልጮኸችም። ፎጣውን አየች፣ እናቷን አየች።

"ታዲያ ያን ሁሉ ማን ጠጣው?" አለች።

ሰው በቁሙ ሲደነግጥ የሚጠይቀው እንዲህ ያለውን ነው። እማማ ቶሎ እውነቱን ነገሯት። ያን ጊዜ ነው ልቅሶው የወጣው፤ እናትና ልጅ ተቃቅፈው አለቀሱ። በኋላ ፎጣውን ገለጥ አድርጋ ትንንሾቹን ጣቶች አንድ በአንድ ዳሰሰች፣ "የአባቷን ጣት ነው የወረሰችው" አለች። ስምም አወጣችላት። ማምሻውን አባትየው ሲደርስ ሕፃኗን አቀፋት፤ በማግስቱም ቀበሯት።

ውድ አንባቢ፣ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ እስኪጠራ ግን የሚፈሰውን ማን ይመልሰዋል? ሐዘኗን የተነጠቀች እናት ልጇን ሁለት ጊዜ ታጣለች፤ ሐዘኗን የሰጧት ግን አልቅሳ የቀሩትን ታቅፋለች። ወንዶቹ ደረቷ ላይ ተኝተው እያደሩ ከበዱ፣ ወተቱም አልደረቀም፣ ዛሬ የአያታቸውን ነጠላ እየጎተቱ ይድሃሉ። እማማ ቶሎም ሐዘን ያገኛት አራስ በጠየቁበት ሁሉ "አትደብቋት፣ ቶሎ ንገሯት" የሚሉ ሆነዋል።

የዚያ ቀን ከሰዓት በኋላ ግን ይህን ሁሉ ማናችንም አናውቅም ነበር። ነርሷ ወንዶቹን አምጥታ ደረቷ ላይ አስተኛችላት። የማለቢያው ሰዓት ሲደርስ እማማ ቶሎ፣ ልማድ ሆኖባቸው፣ ሦስቱንም መለኪያዎች አጥበው አቀረቡ። ልጃቸው አንዱን አንስታ፣ ጥቂት ይዛው ቆይታ፣ መለሰችላቸው።

"ሁለት ይበቃል፣ እማዬ።"