የዋዜማው ጉበት

ኦክላንድ ከተማ፣ በምሠራበት ሆቴል ውስጥ ሳጸዳ አቅም አጥቼ አንሶላ ማንጠፍ እንኳ አቃተኝ። ሐኪሙ "ሰውነትሽ ያጠራቀመውን አይረን፣ የብረት ማዕድኑን ማለቴ ነው፣ በደም ምርመራ ቼክ እናድርግ" አለኝ። ይህን የሰማችው ታላቅ እህቴ፣ እትዬ ብርቄ፣ በምርመራው ዋዜማ ከሳን ሆዜ ጉበት ጠብሳ ከች አለች። "ብዪ! ነገ ታልፊያለሽ" ብላ ድስቱን አስጨረሰችኝ።

ውጤቱ ሲመጣ ጎተራዬ ባዶ ነው። አብራኝ የመጣችው እትዬ "ድስት ሙሉ ጉበት በልታ?" ብላ ሐኪሙን አፋጠጠችው፤ አስተርጓሚዋ እኔው። "ምርመራው የሚያሳየው የአንድ ቀን ራት ሳይሆን የከረመውን ክምችት ነው፤ ክኒን እየዋጠች ለመሙላት ወራት ይፈጃል" አላት። እትዬ ቦርሳዋን አንስታ "ወራት ከሆነ ወራት ነዋ!" አለች። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ኮል ታደርጋለች። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ፤ "ዋጥሽ?" ብቻ። "አዎ" ስላት አታምነኝም፤ "እስቲ አፍሽን ክፈቺ!" ትለኛለች፣ በስልክ። እኔም እከፍታለሁ።