ያላረፈችው አውራ ጣት

ወሬ አትስማ ብባልም ታክሲ ውስጥ ጆሮዬን አልደፍንም። ከመናኸሪያ ስነሣ ከፊቴ ሁለት የዩኒቨርሲቲ ልጃገረዶች ተቀምጠዋል። አንደኛዋ ፈተና እስክትጨርስ ስልኳን ለጓደኛዋ አደራ ሰጥታለች።

«ሄለንዬ፣ አንዴ ብቻ ልየው።»

«አልሰጥሽም። አሁንም ከወደቅሽ መባረርሽ ነው። ራስሽ አይደለሽ ያስማልሽኝ?»

«ጠራ! ጭኔ ላይ ነዘረኝ።»

«ስልኩ እኔ ቦርሳ ውስጥ ነው፣ ያውም ተዘግቷል። ጭንሽ ነው የጠራው?»

ሳቁ።

«ካላየሁት ሰው ሁሉ ትቶኝ የሚሄድ ይመስለኛል።»

«ትናንት ስታዪውስ ምን አገኘሽ?»

«ምንም። ግን ቀጥሎ ደስ የሚል ነገር የሚመጣ ይመስለኛል። ሁልጊዜ ቀጥሎ።»

«በይ አሁን በመስኮቱ ሐይቁን እዪ።»

«እያየሁት ነው። ውሃው ከታች ወደ ላይ የሚፈስ ይመስላል፣ ልክ ስልኩን በጣቴ ወደ ላይ ስገፋው እንደሚሄደው።»

«ታዲያ ጣትሽ ምን ትሠራለች?»

«የቷ?»

«አውራ ጣትሽ። ጉልበትሽ ላይ ወደ ላይ፣ ወደ ላይ ትላለች።»

«ውይ! እኔ እኮ አላዘዝኳትም።»

ጓደኛዋ ጣቷን በእጇ ጨበጠችላት።

«እስክንደርስ እኔ ጋ ትተኛ።»

ሲጋራ ከተውኩ ስንት ዘመኔ፣ ዝቅ ብዬ ባይ ሁለቱ ጣቶቼ የሚይዙት ነገር እንዳለ ሁሉ ጉልበቴ ላይ ተራርቀው ተቀምጠዋል።