ወደ ሐይቁ ያዞርኩት መነጽር

እናንተዬ፣ ስዊስ የሚኖር ሰው በረዶ ለማየት ህንድ ድረስ ይሄዳል? እኛ የማኅበሩ ሰዎች ሄድን! ናይኒታል ትባላለች፤ ሂማላያ ላይ ያለች የሐይቅ ዳር ከተማ ናት። ጄኔቭ ሜራን ሰፈር ያለችው ጎረቤቴ ጽጌ "ጉልበቴን አሞኛል፣ ዳገቱን አልችለውም" ብላ ሆቴል ቀረች። ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ አንገታቸውን የደፉት የዙሪኩ አቶ መኩሪያም "ራሴን አመመኝ" አሉ። እኔ ከሌሎቹ ጋር ኮረብታው ላይ ወጣሁ። እላይ፣ በረዷማውን ተራራ አቅርቦ የሚያሳይ ትልቅ መነጽር ተተክሏል። ተራዬ ሲደርስ አንዴ አየሁት፤ በረዶ እንደሆነ ከቤቴ መስኮትም አየዋለሁ። ቀስ አድርጌ ቁልቁል ወደ ሐይቁ አዞርኩት። ምን ባይ ጥሩ ነው! ጽጌ ቢጫ ጀልባ ላይ ሆና ትቀዝፋለች፤ አቶ መኩሪያ ጃንጥላ ይዘውላታል!

እንደተመለስኩ "ጽግዬ፣ ጉልበትሽ እንዴት ዋለ?" አልኳት።

"ተሻለኝ። እላይ ምን አየሽ?"

"የታች የታቹን።"

ፊቷ ደም መሰለ። "በማርያም፣ ከልጆቼ ጆሮ እንዳይገባ!" ካለች በኋላ ግን ቀና አለች። "ደግሞ ብታወሪ፣ ረቡዕ ጠዋት ያንን ሁሉ እንቁላል ስትበዪ አይቼሻለሁ። ማኅበር ላይ እናገራለሁ!"

ሰው ጾም ገደፈ ብዬ የምቆጣው እኔ! ጄኔቭ እንደገባሁ ሻንጣዬን እንኳ ሳልፈታ ንስሐ አባቴ ጋ ሮጥኩ። እንቁላሉን ተናዘዝኩ፤ መቶ ስግደት አዘዙኝ። መቶኛውን ዛሬ ጠዋት ሰግጄ ጨረስኩ፤ እንግዲህ ጽጌ የፈለገችውን ታውራብኝ፤ ይኸው ቀጥታ ወደ እናንተ መጣሁ።